ጋቢው ከቤት፣ ማንደጃው ከደጅ

ወሩ ታኅሣሥ ነው እንበል፤ ሰዓቱም ከምሽቱ ሦስት ሰዓት። እርስዎ ከመሥሪያ ቤት ወይም ከትምህርት ቤት ተመልሰው፣ እራትዎን ቀምሰው፣ ከተከራዩት ክፍል ውስጥ መጽሐፍዎን ገልጠው ተቀምጠዋል። ቀን በስድስት ሰዓት ፀሐዩ ሲበረታ ኮትዎን አውልቀው በክንድዎ አንጠልጥለውት ነበር። አሁን ግን ጣትዎ እስክሪብቶ መያዝ እስኪያቅተው ድረስ ደንዝዟል፤ እግርዎም ከሲሚንቶው ወለል ላይ የተተከለ ድንጋይ መስሏል። አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ ያነቡታል፤ ከራስዎ የገባ ነገር ግን የለም። በዚህ መካከል ከግቢው ውስጥ ፍሙ የቀላ ማንደጃ ዐይንዎ ላይ ይወድቃል። «ለአንድ ሰዓት ያህል ወደ ክፍሌ ባስገባው ምን አለበት?» የሚል አሳብም ይመጣብዎታል።

ስለዚያች አሳብ ከመነጋገራችን በፊት ስለ ብርዱ ራሱና ስለ ልብስ ጥቂት እንጫወት፤ በደንብ የለበሰ ሰው ማንደጃውን አይመኝምና።

የውጭ አገር ሰው ስለ ኢትዮጵያ ሲሰማ ብዙ ጊዜ የሚታየው በረሃ ነው። ደጋ ላይ ያደገ ሰው ግን ነገሩ ሌላ እንደ ሆነ ያውቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ ላይ 1000 ሜትር በወጡ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ስለዚህም በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት በአዲስ አበባ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ በደብረ ብርሃን በኩል ደግሞ ማለዳ ሣሩ ላይ ውርጭ ነጥቶ ይታያል። እንዲያውም ዋና ከተማችን ራሷ ከብርድ ሸሽታ የመጣች ከተማ ናት ቢባል ከእውነት አይርቅም። የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በፊት የነበረው ነፋስ በሚበረታበትና ማገዶ ባነሰበት በእንጦጦ ተራራ ላይ ነበር። እቴጌ ጣይቱ የፍል ውሃውን ሜዳ ወድደው ከዚያ ቤት እንዲሠራ አደረጉ፤ ስፍራውንም በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። እኛ ዛሬ የምንንቀጠቀጥበት ስፍራ እንግዲህ ያን ጊዜ «ሞቃቱ ቆላ» ሆኖ የተመረጠ ነበር ማለት ነው።

ብርዳችን ሁለት ዓይነት ነው፤ ልብሱም እንደዚያው መለያየት አለበት። የበጋው ብርድ ደረቅ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሲያድር መሬት ቀን የጠጣችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትመልሰዋለች፤ የሚያግድላት ደመና የለም። ደመና ለምድር እንደ ብርድ ልብስ ነውና፣ ቀን በፀሐይ የተኮሰው ከተማ ከንጋቱ በፊት ባሉት ሰዓቶች በረዶ ቤት ይሆናል። የሐምሌና የነሐሴ ብርድ ግን እርጥብ ነው። ሌሊቱ እንደ ታኅሣሥ ሌሊት አይከፋም፤ ነገር ግን ቀኑም አይሞቅም፣ ልብስም አይደርቅም፣ ግድግዳውም ውሃ ይስባል። የበጋው ብርድ በማታና በማለዳ ይመጣና ይሄዳል፤ የክረምቱ ግን ከቤት ገብቶ እንደ ዘመድ ይከርማል።

የሚያስገርመው ደግሞ ይህ ነው። በስቶክሆልም በረዶው እስከ ጉልበት ደርሶ ሳለ፣ ቤቱ ውስጥ 20 ዲግሪ ያህል ሙቀት ስላለ ሰው በሸሚዝ ይቀመጣል። ከዚያ የመጣ እንግዳ አዲስ አበባ ላይ በታኅሣሥ ምሽት ቤት ውስጥ ሲቀመጥ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። በእኛ ቤቶች የማሞቂያ መሣሪያ የተለመደ አይደለም፤ የቆርቆሮ ጣራም ስስ ስለ ሆነ ፀሐይ ስትጠልቅ አብሮ ይበርዳል። ወፍራም የጭቃ ወይም የድንጋይ ግድግዳ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት እስከ ምሽት ይዞ ይቆያል፤ ጣራው ግን በላይ በኩል ያፈሰዋል። ኮርኒስ የሌለው ክፍል የተከራዩ እንደ ሆነ በመጀመሪያ የሚያስፈልገው፣ አቡጀዲም ይሁን ማዳበሪያ ከረጢት፣ ከቆርቆሮው በታች የሚወጠር ነገር ነው። ከጨርቁና ከቆርቆሮው መካከል የሚቀረው አየር ነው ዋናው መከታ። ይህን የአየር ነገር ልብ ይበሉልኝ፤ ስለ ልብስ የምንለው ሁሉ ከዚሁ የሚነሣ ነው።

የሚያሞቀው ማነው?

ብዙ ሰው ልብስ የሚያሞቅ ይመስለዋል። ልብስ ግን ከራሱ የሚያመነጨው ሙቀት የለም። የሚያሞቀው የራስዎ ገላ ነው። ዐርፎ የተቀመጠ ጎልማሳ ሰው ከገላው የሚያወጣው ሙቀት አንድ ባለ መቶ ሻማ አምፖል ከሚያወጣው ጋር የሚተካከል ነው። ከውስጥ የሰውነትዎ ሙቀት 37 ዲግሪ ነው፤ ክፍሉ ደግሞ 14 ወይም 15 ቢሆን፣ ያ ሙቀት ያለማቋረጥ ወደ ውጭ ይሸሻል። የልብስ ሥራ ሽሽቱን ማዘግየት ነው። ይህንንም የሚያደርገው በክሮቹ መካከል የማይንቀሳቀስ አየር አስሮ በማስቀመጥ ነው። የቆመ አየር ሙቀትን ለማሳለፍ እጅግ ሰነፍ ነው። ውሃ ግን ከአየር ሃያ አምስት ጊዜ ያህል በሚበልጥ ፍጥነት ሙቀትን ያሳልፋል። ስለዚህ የረጠበ ልብስ የለበሰ ሰው ልብስ ለብሷል ለማለት ያስቸግራል።

ከዚህ የሚከተለው የመጀመሪያ ምክር ለክረምት ነው። ዝናብ መትቶዎት ከቤት ሲገቡ፣ ሻይ ከመጣድዎም ወሬ ከመጀመርዎም አስቀድመው ካልሲዎንና የረጠበውን ልብስ ሁሉ ያውልቁ። «ገላዬ ላይ ይደርቃል» ማለት በራስዎ ሙቀት ልብስ ማድረቅ ነው፤ ይህም ውድ ማድረቂያ ነው። ዝናብ ሳይነካዎት እንኳ ሽቅብ ሲሮጡ ላብ ያጠለቀው ካናቴራ ማታ ሲቀመጡ እንደ እርጥብ ፎጣ ከጀርባዎ ይጣበቃል። ስለዚህ አንድ ደረቅ ካናቴራ ለማታ ብቻ ለይተው ያስቀምጡ። ሁለት ካናቴራ ብቻ ያለው ሰው ይህን ምክር ከሁሉ ይልቅ ይፈልገዋል፤ እርሱም ቢሆን ሊፈጽመው ይችላል።

ሁለተኛው ምክር፣ አንድ ወፍራም ከመልበስ ሦስት ስስ መደራረብ ይሻላል የሚል ነው። ከካናቴራው በላይ ሸሚዝ፣ ከሸሚዙ በላይ ሹራብ፤ በየመካከላቸው አየር ይታሠራል። ነገር ግን አንዱ ሌላውን እንዳይጨምቀው ጥቂት ሰፋ ይበል። ሁለት ካልሲ ደርበው ጫማ ውስጥ በግድ የሚያስገቡ ሰዎች ይበልጥ የሚበርዳቸው አየሩም ተጨምቆ ስለሚወጣ፣ ደሙም እንደ ልብ ስለማይዘዋወር ነው። ድሮ በአውሮፓ የብስክሌት ተወዳዳሪዎች ከተራራ ወደ ታች ከመውረዳቸው በፊት ከደረታቸው ላይ፣ ከመለያቸው በታች፣ ጋዜጣ ይከቱ ነበር። ወረቀት ነፋስ አያሳልፍም። በሩ ነፋስ በሚያስገባ ክፍል ውስጥ ለፈተና የሚያጠና ተማሪ ይህን ቢሞክረው የሚያየው ሰው የለም፤ መጽሔታችንን ግን መጀመሪያ አንብቦ ይጨርሰው።

የቢሮ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ሌሊት የሚያጠና ሰው አይቻለሁ። ከክራቫት በቀር ምንም አላወለቀም። ይህ ሁለት ጊዜ መክሰር ነው፤ ልብሱ ጉልበቱና ክርኑ ላይ ያልቃል፣ ጠባብም ስለ ሆነ ብዙ አያሞቅም።

ስለ ጋቢ የሚባለው

ወጣቶች ጋቢን የሽማግሌ ልብስ ያደርጉታል። እንግዳ ሲመጣ ከትከሻቸው ጎትተው ከአልጋው ላይ የሚወረውሩትም አሉ። እኔ ግን ለቤት ውስጥ ብርድ ከጋቢ የሚሻል ነገር የተሠራ አይመስለኝም። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ኩታ ሁለት፤ ቡልኮ ደግሞ ከጋቢም የከበደ ነው። በእጅ የተፈተለ ጥጥ፣ በተለይ ማጉ፣ እንደ ፋብሪካ ክር ጠብቆ ያልተገመደ ስለ ሆነ አየር በብዛት ይይዛል። በዚያ ላይ አራቱ ድርብ አራት ግድግዳ ማለት ነው። ቁልፍና እጅጌ የለውም፤ ከራስ እስከ እግር ይደርሳል፤ ሲሞቅዎ ከትከሻዎ ዝቅ፣ ሲበርድዎ ከጆሮዎ በላይ ከፍ ያደርጉታል። ሹራብ ይህን ሁሉ አይችልም።

ለንባብ ሲቀመጡ ጋቢውን ከትከሻ ብቻ ጣል አድርጎ መተው ግማሽ ሥራ ነው። ከመቀመጥዎ በፊት ታችኛውን ጫፍ ከወንበሩ ላይ ያንጥፉና በላዩ ይቀመጡ፤ ከዚያ ሁለቱን ጐን ወደ ፊት አምጥተው በጉልበትዎ ላይ ያደራርቡ፤ የቀረውን በእግርዎ ዙሪያ ያውርዱ። አንድ እጅ ብቻ ለመጽሐፉ ይውጣ። እንዲህ ሲሆን ከገላዎ የሚወጣው ሙቀት ወደ ላይ በአንገትዎ በኩል ሲሸሽ አንገትዎን በሻርፕ ወይም በጋቢው ጫፍ ይዝጉበት። ሴቶች እኅቶቻችን በዚህ በኩል ከእኛ ይቀድማሉ፤ ሻሽና ነጠላ አላቸውና።

የጥጥ አንድ ጉድለት እርጥበት ነው። ውሃ ሲጠጣ አየሩ ይወጣና ጋቢው ከሸክም በቀር ጥቅም አይኖረውም። በሐምሌ የታጠበ ጋቢ ለመድረቅ ብዙ ቀን ይፈጃል፤ ባለቤቱም እነዚያን ሌሊቶች በአንድ አንሶላ ያሳልፋል። ስለዚህ በሰኔ መጀመሪያ፣ ፀሐይ ሳትሸሽ ይታጠብ። የበግ ጠጉር ግን ጠባዩ ሌላ ነው፤ የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ስቦ እንኳ ለገላ እርጥብ ሳይመስል ሙቀት ይይዛል። የመንዝ ሰዎች ይህን ከማንም አስቀድመው አውቀዋል። ከዚያ ደጋ በጎች ጠጉር በእጅ ተፈትሎ የሚሠራው በርኖስ፣ ባናና ዝተት ዝናብንም ውርጭንም የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ባና ይኮሰኩሳል፤ እውነት ነው። ከሥሩ ነጠላ ወይም አንሶላ ካደረጉበት ግን ሌላው ብርድ ልብስ ሁሉ ከእርሱ ጋር አይወዳደርም። ዛሬ ገበያውን የሞላው ከነዳጅ ዘይት ውጤት የሚሠራው ለስላሳ ብርድ ልብስም ሙቀቱ ደኅና ነው፤ ቶሎም ይደርቃል። ነገር ግን እሳት ሲነካው ቀልጦ ከገላ ላይ ይጣበቃልና ከሻማም ከፍምም ይራቅ።

እግር ለብቻው የሚነገርለት ነገር አለው። የሲሚንቶ ወለል ሙቀትን በቀጥታ ከእግር መዳፍ ይጠጣል፤ በላይ ምንም ያህል ቢደርቡ እግርዎ መሬት ከነካ ብርዱ በዚያ ይገባል። መድኀኒቱ ቀላል ነው። ከጠረጴዛው በታች አጎዛ ያንጥፉ፤ አጎዛ ከሌለ የታጠፈ ጆንያ ወይም ካርቶን ይበቃል። ካልሲ አድርገው ከላዩ ላይ እግርዎን ያሳርፉ። ለጣቶችዎ ደግሞ ያረጀ ካልሲ ጫፉን ቆርጠው እጅዎ ላይ ቢያጠልቁት እስክሪብቶ ለመያዝ የማይከለክል ጓንት ይሆናል። ለብ ያለ ውሃ የተሞላ ሃይላንድ በካልሲ ጠቅልሎ ከእግር ዘንድ ማድረግም መልካም ነው፤ ውሃው የፈላ ከሆነ ግን ላስቲኩ ይጨማደዳል፣ እርስዎም ይቃጠላሉ።

ስለ ራስ የሚነገረውን ደግሞ አንባቢ ሳይሰማ አይቀርም። ከገላችን ሙቀት ግማሹ የሚወጣው በራስ በኩል ነው ይባላል። ይህ ስሕተት ነው። ራስ ከገላችን ገጽ ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ የማያህል ስለ ሆነ፣ የሚያወጣውም ሙቀት እንደ መጠኑ ነው። ሌላው ሁሉ ተሸፍኖ እርሱ ብቻ ራቁቱን ሲቀር ግን ብርዱ በእርሱ ላይ ይበረታል፤ ስለዚህ ኮፍያ ቤት ውስጥ ማድረግ ነውር አይደለም።

ለመኝታ ሲሆን ከላይ የሚደራረበውን እንጂ ከሥር ያለውን የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ስስ ስፖንጅ በክብደትዎ ሲጨመቅ አየሩ ይወጣና ብርድ ከታች ይመጣል። ካሉዎት ሁለት ብርድ ልብሶች አንዱን ከሥርዎ ቢያደርጉት ሁለቱንም ከላይ ከመከመር ይልቅ የሚሞቁበት ሌሊት አለ። ጋቢውን ከገላ አጠገብ፣ ወፍራሙን ከላይ ያድርጉ። ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ መተንፈስ ግን እርጥበት ማጠራቀም ነው፤ አፍና አፍንጫ ይውጡ።

አንድ የማያስደስት ነገርም ልጨምር። በክረምት ቀንም ሌሊትም ያንኑ ልብስ ደራርቦ፣ በጠባብ ክፍል ብዙ ሆኖ መተኛት ለቅማል ሠርግ ነው። የልብስ ቅማል ተስቦንና ግርሻ የሚባለውን ትኩሳት ከሰው ወደ ሰው ያስተላልፋል፤ ይህ ግርሻ በአገራችን በክረምት የሚበረታውም ሰው ለብርድ ብሎ ተጠጋግቶ ስለሚያድርና ልብስ ስለማይቀይር ነው። ቅማል እንቁላሉን የሚጥለው ስፌት ውስጥ ነውና፣ ልብሱን በፈላ ውሃ ማጠብ ካልተቻለ የጋለ ካውያ በየስፌቱ ላይ ማስኬድ ይረዳል። የማታውን ልብስ ከቀኑ መለየት እንግዲህ ለሙቀት ብቻ አይደለም።

ማንደጃው

አሁን ወደዚያች አሳብ እንመለስ። እኔም በተማሪነቴ ሞክሬዋለሁ። ከአንድ ባልንጀራዬ ጋር የምንኖርባት ክፍል መስኮት ያልነበራት፣ በሯ ብቻ ከግቢው ጋር የምታገናኝ ነበረች። አንድ የታኅሣሥ ምሽት አከራያችን ቡና ያፈሉበትን ማንደጃ ለምነን አስገባን። ጢስ እንዳይኖረው ፍሙ እስኪቀላ ጠበቅን፤ ቶሎ እንዳያልቅም አመድ አለበስነው። በሩን ዘጋን፤ ከሥሩ ያለውንም ክፍተት በጨርቅ ጠቀጠቅነው። ክፍሏ ሞቀች፤ ደስ አለን። እኔ ራሴን ሲያመኝ «ከንባብ ብዛት ነው» አልሁ። ባልንጀራዬ ሆዱን ያጥወለውለው ጀመር፤ «እራቱ ነው» አለ። ለማስታወክ ብሎ ሲነሣ ጉልበቱ ከዳውና በሩ ላይ ወደቀ። በሩ ተከፈተ። እኛን ያተረፈን ያ አወዳደቁ ነው፤ አስተዋይነታችን አይደለም። ማግሥቱን ሙሉ ቀን ራሳችን እንደ ከበሮ ሲመታ ዋለ።

ምን ሆነን ነበር? ከሰል በሚነድበት ጊዜ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ዐይን አያቃጥልም። ከጢስ ጋር የሚያያይዙት ሰዎች የሚሳሳቱት በዚህ ነው፤ ጢሱ ሄዶ ፍሙ ከቀላ በኋላም፣ አመድ ለብሶ ሲያንቀላፋም፣ ጋዙ መውጣቱን አያቋርጥም። ወደ ሳንባ ሲገባ ደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ይይዘዋል፤ አያያዙም ከኦክሲጅን ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ የጠነከረ ነው። ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ይከተላሉ። ቀጥሎ እንቅልፍ ይመጣል፤ ከዚያ እንቅልፍ ሳይነቁ የቀሩ ቤተ ሰቦች ወሬ በየክረምቱና በየበጋው ብርድ እንሰማለን። ተኝቶ የነበረ ሰው ደግሞ ራስ ምታቱንም ሳያውቀው ይሄዳል።

ቡና በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ሰው እየገባና እየወጣ ሲፈላ ሌላ ነገር ነው። በሩ ተዘግቶ፣ ክፍተቱ ተደፍኖ፣ ሰው ሊተኛ ሲል ግን ማንደጃም ሆነ የከሰል ካውያ ከክፍል ውስጥ መገኘት የለበትም። «ጥቂት ነው»፣ «ሊጠፋ ነው» የሚባለው ምክንያት አይሠራም። ከሰል በተቀጣጠለበት ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው ሌላ ምክንያት ከመፈለግ በፊት በሩን ከፍቶ መውጣት ነው። ወድቆ የተገኘውን ሰው ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ያስፈልጋል፤ የሚፈውሰው ኦክሲጅን ነው። ወተት ለማጠጣት ወይም ሎሚ ለማሽተት የሚባክነው ጊዜ የሕይወቱ ጊዜ ነው። ራሱን ላልሳተ ሰውም ቢሆን «ተሽሎኛል» ብሎ መተኛት አይበጅም።

አንድ ሌላ ማንደጃም አለ፤ እርሱ በብርጭቆ የሚመጣው ነው። አረቄ ጠጥቶ የሞቀው ሰው በእርግጥ ሞቆታል፤ ደሙ ወደ ቆዳው ስለ ወጣ ፊቱ ይግላል። ነገር ግን ያ ሙቀት ከውስጥ ወጥቶ ወደ ክፍሉ የሚሄድ ነው፤ ከግማሽ ሌሊት በኋላ ከማንም ይልቅ የሚበርደው እርሱ ነው። ለዚያ ገንዘብ ትኩስ አጥሚት ወይም ሾርባ ይጠጡ፤ ምግብ ሲፈጭ ገላ ሙቀት ይጨምራል። በየግማሽ ሰዓቱም ተነሥተው ጥቂት ይንቀሳቀሱ፤ የሚሠራ ጡንቻ ከተቀመጠ ጡንቻ ብዙ እጥፍ ሙቀት ያወጣል።

ባልንጀራዬና እኔ በዚያው ሳምንት የቀረንን ገንዘብ አዋጥተን ወደ ሽሮ ሜዳ ወጣን፤ ለሁለታችን የሚበቃው ለአንድ ጋቢ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሸማኔው አዛውንት ነበሩ፤ ችግራችንን ሲሰሙ ሳቁና፣ «ልጆቼ፣ አንዳችሁ ሲያነብ አንዳችሁ ይተኛ» አሉን። እስከ ሰኔ ፈተና ድረስ እንዲሁ አደረግን። እርሱ እስከ ስድስት ሰዓት ያነብባል፤ ከዚያ እኔን ይቀሰቅሰኝና ከሞቀው ጋቢ ጋር ወንበሩን ያስረክበኛል።